«ጥንካሬ» የሚለው ቃልና የጭን አጥንት ስብራት፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

ለአስተያየት ከደረሱኝ ረቂቆች አንዱ «ኦስቴዮፔትሮሲስ» የተባለው በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚደርስ የጭን አጥንት ስብራት በቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳ ጽሑፍ የአማርኛ ትርጉም ነው። የተርጓሚው ሰዋስው የተስተካከለ፣ ዐረፍተ ነገሩም ያለ ችግር የሚነበብ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈረ አንድ ቃል ጽሑፉ ሊያስተምር ከፈለገው ነገር ተቃራኒውን እንዲናገር አድርጎታል። ይኸውም የበሽታው ስም «የአጥንት ጥንካሬ» ተብሎ መተርጎሙ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ይመስለኛል። «ኦስቴዮፖሮሲስ» «የአጥንት መሳሳት» ተብሎ በሕዝብ ዘንድ ታውቋል። ተርጓሚው የሁለቱን ስሞች መመሳሰል አይቶ፣ አንዱ መሳሳት ከሆነ ሌላው የዚያ ተቃራኒ መሆን አለበት ብሎ ደምድሟል። በራጅ ለሚታየው የአጥንት እምቅነት ይህ ተቃራኒነት እውነት ነው። ለአጥንቱ ዕድል ግን እውነት አይደለም፤ የሳሳውም የታመቀውም አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። በአማርኛ ደግሞ «አጥንቱ ጠንካራ ነው» የተባለ ሰው ተመሰገነ እንጂ ታመመ አይባልም። «የአጥንት ጥንካሬ አለብህ» የተባለ ሕመምተኛ ለመውደቅ የሚጠነቀቅበት ምክንያት አይታየውም።

በጤነኛ ሰው አጥንት ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ሥራ ሳይፈቱ ይኖራሉ። በዚህ በሽታ የሚያፈርሱት ሕዋሳት ተግባራቸውን አይፈጽሙም፤ ከዚህም የተነሣ አሮጌው ሳይነሣ አዲሱ ይደረብበታል፣ የመቅኔው ቦይ ይጠባል ወይም ጨርሶ ይደፈናል። ረቂቁ እነዚህን ሕዋሳት «አጥንት ሰባሪ» ይላቸዋል። ቃሉ ከግሪክኛው ጋር በፊደል ይስማማል። ይሁን እንጂ አንባቢው «አጥንት ሰባሪው ሥራ በማቆሙ አጥንቱ ይሰበራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥመው ምን ይረዳል? «አፍራሽ» እና «ገንቢ» የተባሉት ቃላት ከግንበኛው ሥራ የሚታወቁ ጥንዶች ስለሆኑ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ያስረዳሉ፤ ምንም እንኳ «አፍራሽ» በአደባባይ ንግግር ለረጅም ጊዜ መወንጀያ ሆኖ ቢያገለግልም።

ዋናው ችግር «ጥንካሬ» ሁለት ነገሮችን በአንድነት መያዙ ነው፤ ለመቦርቦርና ለመሰርሰር አለመበገርን፣ እንዲሁም ሳይሰበሩ ጫናን መቻልን። ልዩነቱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሸክላ እንደ ጭቃ አይበሳም፣ ከእጅ ከወደቀ ግን ገል ነው። እርጥብ እንጨት ይጎብጣል፣ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ለመጀመሪያው ጠባይ «ጥጥርነት» የሚለውን እመርጣለሁ። «ጠጣር» በፊዚክስ ለቁስ ሁኔታ ቢያዝም «ጥጥርነት» ገና ነፃ ነው። ለሁለተኛው ጕድለት ደግሞ በየዕቃው ሣጥን ላይ የምናነበው «ተሰባሪ» ይበቃል። እንግዲህ የዚህ በሽታ አጥንት ጥጥርነቱ የበዛ፣ ተሰባሪነቱም የበዛ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑ የሚታወቀው ረቂቁ ስለ ቀዶ ሕክምናው ሲናገር ነው። ሐኪሙ ዝርግ ብረት በብሎን ለማሰር አጥንቱን መሰርሰር አለበት። መሰርሰሪያው በጥጥሩ አጥንት ውስጥ ይግላል፣ ይዶለዱማል፣ አልፎ አልፎም ተሰብሮ እዚያው ይቀራል፤ ሙቀቱም አጥንቱን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ሥራው በዝግታ፣ እያረፉ፣ የጨው ውሃ እያፈሰሱና መሰርሰሪያውን እየለወጡ የሚፈጸም ነው። ረቂቁ ይህን ሁሉ «አጥንቱን በስቶ» በሚል ሐረግ ያልፈዋል። ቆዳም ወረቀትም ይበሳል፤ እዚህ ግን «መሰርሰር» ከነድካሙ መቀመጥ ነበረበት።

ከዚህ የከፋው «ሚስማር» ነው። በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የሚገባው ረጅም ብረት በእንግሊዝኛ በሚስማር ስም መጠራቱ እውነት ነው። ይሁንና ሚስማር በእኛ ዘንድ በመዶሻ የሚመታ ነው። በዚህ በሽታ ቦዩ የተደፈነ በመሆኑ በመጀመሪያ ተሰርስሮ መከፈት አለበት፤ ብረቱን በኀይል መምታትም አጥንቱን በሌላ ቦታ ሊሰነጥቀው ይችላል። «ዘንግ» ቢባል መዶሻውን አያስታውስም። ቦዩም «የቅልጥም ቀዳዳ» ከሚባል «የመቅኔ ቦይ» ቢባል ይሻላል፤ ቅልጥም ከሕክምናው ይልቅ ማዕዱን ያስታውሳል።

«የመግጠም መዘግየት» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቤው እንኳ አሳስቶኛል። «ገጠመ» ስለ ሐኪሙም ስለ አጥንቱም ይነገራል፤ ሐኪሙ ስብራቱን ሳይገጥም ዘገየ ወይስ አጥንቱ ሳይገጥም ቆየ? የመጀመሪያው ወቀሳ ነው፣ ሁለተኛው በዚህ በሽታ ሊጠበቅ የሚገባው የዘገየ ጥገና ነው። ወጌሾቻችን «አጥንቱ ገጠመ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ አጥንቱ ስለሆነ «መግጠም» ለአጥንቱ ይተው፤ የሐኪሙ ሥራ «ማገጣጠም» ይባል።

ወደ በሽታው ስም እንመለስ። በሽታውን በ1904 እ.ኤ.አ. የገለጸው የሐምቡርጉ የራጅ ሐኪም ሐይንሪክ አልበርስ ሾንበርግ ነው፤ በብዙ ቋንቋዎችም «የእብነ በረድ አጥንት» የሚል ስም አለው። የግሪክኛው ስም ሁለተኛ ክፍል ዐለት ማለት ሲሆን፣ «ጴጥሮስ» ከዚሁ ቃል መውጣቱን፣ በግዕዝም «ኰኵሕ» መባሉን የቤተ ክህነት ተማሪ ያውቃል። ይሁን እንጂ ዐለት የማይነቃነቅ ነገር ምሳሌ በመሆኑ ወደ ቀድሞው ስሕተት ይመልሰናል። «እብነ በረድ» ግን ከእብን ጋር በረድን ስለያዘ ንጣቱንም ተሰባሪነቱንም ያስባል። በራጅ ላይ አጥንቱ ወጥ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ለሐኪሙም የተመቸ ነው። ስለዚህ «የእብነ በረድ አጥንት በሽታ» እንዲባል፣ የግሪክኛው ስምም በፊደላችን ተጽፎ ከጎኑ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ረቂቁ «ታፋ» እና «ጭን» የሚሉትን እያፈራረቀ ይጠቀማል። በዚህ በሽታ ስብራቱ ብዙ ጊዜ ከዳሌው መጋጠሚያ ዝቅ ብሎ በአጥንቱ ላይኛ ክፍል ስለሚደርስ፣ «ታፋ» ሲባል አንባቢው ስብራቱን ከዳሌው ላይ ሊያስበው ይችላል። በሁሉም ቦታ «የጭን አጥንት» ይባል፤ ሥፍራውም «ላይኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ታችኛ» እየተባለ ይለይ።