«ጀምበር» እና የባሮ ዳር ደብተር

ብስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ሥራ ፈላጊውን ተመራቂ ጀግና አደረገልን። ወደድነው፤ የኛው ጉዳይ ነዋ! ኋላም «ሀዊ» መጣች። የጀምበር ከተማ አዲስ አበባ ነው፤ አይፈረድበትም።

እኛን የሚያሳስበን ነገ ጋምቤላን ብሎ አዲስ ተከታታይ የሚጀምረው ሠዓሊ ነው። በኑዌር ሽማግሌ ግንባር ላይ ያሉት ስድስት መስመሮች በግምት አይሳሉም። ፊት አጥቁሮ መስመር የሚጨምር ሠዓሊ ፖስትካርድ እንጂ ሰው አይወጣለትም። ይልቅ እርሳሱን ይዞ ባሮ ዳር ይቀመጥ፤ ታንኳ ላይ የቆመ ዓሣ አጥማጅ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያጥፍ ይይ፤ ይሳል፤ ይቅደድ፤ ደግሞ ይሳል።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ጀምሯል። ደብተሩን አየነው፤ ግማሹ እጅ ብቻ ነው። እጅ እምቢ ብሎት!