የውል ወረቀትና ሥዕል

በነቀምትም ሆነ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የቡና ወይም የመሬት ኪራይ ውል የሚዋዋል ሁሉ ማንበብ የሚችል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን አስቦ፥ በ1728ኛው ቁጥር መፈረም የማይችል ሰው የጣት ምልክት እንዲያደርግ ፈቅዷል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ምልክት ግን አዋዋይ፥ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል።

ጥበቃው መልካም ነው። ነገር ግን እንደ እኛ አስተያየት አሻራ የሚመሰክረው ማን እንደተዋዋለ እንጂ ምን እንደተዋዋለ አይደለም። ከዚህም በላይ ዛሬ በቁቤ የተማረ ሰው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ውል ቢቀርብለት ላያነበው ይችላል።

በደቡብ አፍሪቃ ጠበቃው ሮበርት ደ ሮይ እ.ኤ.አ. በ2016 ለፍራፍሬ ለቃሚዎች የሥራ ውልን በተከታታይ ሥዕሎች አዘጋጅተዋል። በአገራችንም የሁለተኛው ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ የማሳውን ካርታ ስለያዘ፥ ባለይዞታው ወሰኑን በዐይኑ ያያል። በኪራይ ውል ላይም ይኸው ካርታ፥ የመክፈያውም ወር በሥዕል ቢታከል ይጠቅማል እንላለን።

ሆኖም ሥዕል ብቻውን አይታመንም፤ የተሣለ ጆንያ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ አይናገርም። ስለዚህ ቁጥሩ ከሥሩ ይጻፍ፤ ሥዕሉና ቃሉ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና ውሉ ራሱ ይወስን፤ ከመፈረሙም በፊት ተዋዋዩ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት።