አፍ የሌለው ታማሚ፦ የእንስሳት ሐኪም ማስታወሻና የእኛ ሥነ ጽሑፍ

እንስሳ ወደ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ አፍ ተበጅቶለት ነው። ቀበሮ ትመክራለች፤ ጅብ ይምላል፤ አንበሳ ችሎት ይቀመጣል። ከአንበሳው፣ ከነብሩና ከጅቡ ጋር ኃጢአቷን የተናዘዘችው አህያም ሣር በመንጨቷ ብቻ ተፈርዶባት ትበላለች። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ስንሰማው የምናስበው ግን ስለ ዳኛና ስለ ድኃ እንጂ ስለ አህያ አይደለም። አህያዋ የሰው ልብስ ለብሳ መጥታለች፤ ጨዋታው ሲያልቅ ልብሱን አውልቀን እንሰቅለዋለን፤ እርሷ ትረሳለች።

የዘመናዊው ተውኔታችን ጅማሬም ከዚሁ ልማድ የተቀዳ ነው። በሩሲያ ለረጅም ዓመታት ተምረው የተመለሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ለመድረክ ሲያበቁ ዓላማቸው የጊዜውን አስተዳደር መተቸት ነበር። መልእክቱ ለመኳንንቱ አልተሰወረባቸውም፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ለአንድ የበኩር ተውኔት ከዚህ የበለጠ የክብር ምስክር ወረቀት የለም። ይሁን እንጂ የታገደው አውሬዎቹ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። አውሬ አውሬ ሆኖ ብቻ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ከተመልካቹ ማንም ቅር ባላለው ነበር።

የፈረስ ስምንም እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተባሉ። የፈረሱ ስም ለጌታው ማዕረግ ሆነ። ፈረሱ ራሱ ግን ምን እንደሚወድ፣ ከምን እንደሚደነብር፣ በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ የሚነግረን የለም። ባልደራሱ ያውቅ ነበር፤ ባልደራሱ ግን አልጻፈም።

ከዚህ ልማድ በመጠኑ ፈንጠር ያለችው ላሜ ቦራ ናት። እናት ሞታ ልጆቹን የምታኖራቸው ላሚቱ ናት፤ የእንጀራ እናቲቱም ታምሜአለሁ ብላ ላሚቱ እንድትታረድ ታስደርጋለች። ያችን ተረት ኃያል ያደረጋት ላሚቱ የምትናገረው ሳይሆን የምታጠባው ነው። የቤተሰብ ኀዘን፣ የምግብ ጉዳይና የእንስሳ ነፍስ ሳይነጣጠሉ በአንድ ጉሮኖ ውስጥ ተገናኝተዋል። ጸሐፊዎቻችን ከቀበሮዋ ብልጠት ይልቅ የላሜ ቦራን ፈለግ ተከትለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ዓይነት ስድ ንባብ በእጃችን በኖረ ነበር።

በሌላው ዓለም በዚህ ፈለግ የሄደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት አለ፤ እርሱም የእንስሳት ሐኪም ማስታወሻ ነው። ከሁሉ የታወቀው በጄምስ ሄሪዮት የብዕር ስም የጻፈው እንግሊዛዊው ጄምስ አልፍሬድ ዋይት (እ.ኤ.አ. 1916–1995) ነው። በግላስጎው ተምሮ በ1939 ተመረቀ፤ ከ1940 ጀምሮም በዮርክሻየር ቲርስክ በምትባል አነስተኛ የገበያ ከተማ ሲሠራ ኖረ። ከተማዋን በመጽሐፉ ዳሮቢ አላት፤ አሠሪውንም፣ የአሠሪውን ታናሽ ወንድምም፣ ሚስቱንም ስማቸውን ለውጦ ጻፋቸው። በ1970 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ምነው መናገር በቻሉ» እንደ ማለት ነው።

አንባቢ ይህን ርእስ ከፋቡላ ጎን ያስቀምጠው። ተክለ ሐዋርያት ለአውሬዎቹ አፍ ሰጧቸው፤ ሄሪዮት ግን አፍ እንደሌላቸው ተቀበለ። የሁለቱ መንገድ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ታማሚውን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ሊለው አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያ በእጁ ይዳስሳል፤ ቀጥሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። መብላት ያቆመው መቼ ነው? የሚያበላው ማን ነው? የሚያድረው የት ነው? ትናንት ምን ቀመሰ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሰው ሳያስበው የቤቱን ጓዳ ይከፍታል። ባልና ሚስት በመልሳቸው ሲለያዩ፣ ልጅ ከኋላ ብቅ ብሎ «አጥንቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ሲል፣ አያት ከመደብ ላይ ሆነው ድሮ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም ሲሉ፣ ሐኪሙ ስለ አንዲት ላም ብሎ የገባበት ቤት ከነሙሉ ኑሮው ተገልጦ ይታየዋል። ልብ ወለድ ጸሐፊ በብዙ ድካም የሚሠራውን መግቢያ ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ በር በማንኳኳት ብቻ ያገኘዋል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚከፈተው ሐኪሙ በሌሊት ከወገቡ በላይ ተራቁቶ፣ በድንጋይ ወለል ላይ ተጋድሞ፣ ክንዱን ላሚቱ ማሕፀን ውስጥ ከትቶ ጥጃ ሲያዋልድ ነው። በረዶው በበሩ ሥር ይገባል። በተማረበት መጽሐፍ ላይ የነበረው ሥዕል ንጹሕ ነጭ ልብስ የለበሰ አዋላጅ ያሳይ ነበር፤ እዚህ ግን ጭቃ፣ ደምና ብርድ ብቻ ነው ያለው። ከአጠገቡ የገበሬው አጎት ቆሞ፣ እርሱ የሚያውቀው ሌላ ሐኪም ቢሆን ኖሮ እንዴት አድርጎ እንደሚያዋልድ ያለማቋረጥ ይነግረዋል። ይህን አጎት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ በየበሽተኛው አልጋ ራስጌ ቆሞ አለ። የትዕይንቱ ብርታት ግን በቀልዱ ብቻ አይደለም። ከኮሌጅ የወጣ ዕውቀት በላሚቱ ፊት እንዴት እንደሚፈተን በአንዲት ሌሊት ያሳየናል፤ የተማረውን ሰው አያሞግስም፤ ገበሬውንም አያሾፍበትም።

ሌላው ትዕይንት ከዚህ ይልቅ ዝግ ያለ ነው። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ድኃ ሽማግሌ የመጨረሻ ጓደኛው የሆነውን ያረጀ ውሻ ያሳየዋል፤ ውሻው የሚድን አይደለም። ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ያደርገዋል፤ ዋጋም አይቀበልም። ሽማግሌው ግን ተከትሎት ወጥቶ አንድ ሲጋር ይሰጠዋል። በቃ፤ ሌላ ነገር አይደረግም። ጸሐፊው ስለ ብቸኝነት አንድም የስብከት ቃል ሳይጨምር ያልፈዋል። የጫጉላ ጊዜውንም እንዲሁ ነው የነገረን፦ ሙሽሮቹ ከከብት በረት ወደ ከብት በረት እየዞሩ የላሞች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያካሂዳሉ፤ እርሱ ይመረምራል፣ እርሷ ቁጥሩን ትመዘግባለች። ስለ ትዳር ይህን ያህል የሚገልጽ ትዕይንት በብዙ የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ አላገኘሁም።

የሐኪሙ ዓይን ከሌላው ጸሐፊ ዓይን በምን እንደሚለይ ለማየት ሁለት ትንንሽ ውሾችን ማነጻጸር ይበቃል። አንዷ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ ናት። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመውና እውነተኛነቱ ብዙ ባከራከረው መጽሐፉ ሉሉን ገና ከጅምሩ ያመጣታል፤ በባለሥልጣናት ጫማ ላይ ትሸናለች፤ የሚጠርግላቸውም ሰው ተመድቧል። ውሻዋ እዚህ በንጉሡ ላይ የተወረወረች ጠጠር ናት። ዒላማዋን ትመታ ይሆናል፤ እኛ ግን ስለ ሉሉ የምናውቀው ሽንቷን ብቻ ነው። ሁለተኛው የሄሪዮት ትሪኪ ዉ ነው። ሚሲዝ ፓምፍሪ የተባሉ ባለጸጋ ባልቴት ኬክና ጣፋጭ እያበሉ ሊገድሉት የደረሱ ቅምጥል ውሻ ነው። የመደብ ትችት ለሚፈልግ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ወጥመድ የለም። ሄሪዮት ግን በመጀመሪያ የሚያየው የደከመ ልብና ያበጠ ሆድ ነው። ውሻውን ወደ ክሊኒኩ ይወስደዋል፤ ምግቡን ይቀንስለታል፤ ከሌሎች ውሾች ጋር እንዲሯሯጥ ይለቀዋል፤ ውሻውም ይድናል። በዚህ መካከል ሴትዮዋ ለበሽተኛው ብለው በየጊዜው የሚልኩትን እንቁላል፣ ወይንና ብራንዲ ሐኪሞቹ ተደስተው ይጨርሱታል። ሳቁ በሴትዮዋም ላይ ነው፣ በሐኪሞቹም ላይ ነው፤ በውሻው ላይ ግን አይደለም። የባለጸጋዋ ባዶ ቤትም ሳይነገር ተነግሯል።

ይህን ካልሁ ዘንድ የመጽሐፎቹን ድክመት ማለፍ አይገባኝም። ሄሪዮት አንድ ጊዜ የተሳካለትን ቅርጽ ደጋግሞ ይጠቀምበታል፦ ስልክ ይደወላል፣ ሐኪሙ ይጠራል፣ ይዋረዳል፣ ይሳካለታል፣ ይሳቃል። ከሁለተኛው መጽሐፍ በኋላ አንባቢ የምዕራፉን መጨረሻ ከመጀመሪያው መስመር መገመት ይችላል። ገበሬዎቹም አንዳንድ ጊዜ ለከተሜ አንባቢ መዝናኛ እንዲሆኑ ከልክ በላይ ጣፍጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ ፊልም፣ ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ይህ ጣፋጭነት የበለጠ ጎላ፤ ጭቃው ቀረና አረንጓዴው ኮረብታ ቀረልን። ሸራ እንባ ይወዳል።

ሸራና እንባ ሲነሣ የእኛን ሲኒማ ራስ አለማንሣት አይቻልም። በኋላ ራስ ቴአትር የሆነው ይህ ፊልም ቤት ለመርካቶ ልጆች ዓለምን ያሳየ መስኮት ነበር። እንስሳ በሕንድ ፊልም ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጠው የፊልሙ ወዳጆች ያውቁታል። ራጄሽ ካና የተጫወተበትን እ.ኤ.አ. የ1971ዱን «ሀቲ ሜሬ ሳቲ» እንውሰድ፤ «ዝሆኖች ጓደኞቼ» ማለት ነው። አንድ ሰው ከዝሆኖቹና ከሚስቱ መካከል እንዲመርጥ ይገደዳል፤ በመጨረሻም ዝሆኑ ለጌታው ሲል ይሞታል። ለእንዲህ ያለው ዝሆን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያለቅሳል። ተመልካቹ ዓይኑን ጠርጎ በመርካቶ በኩል ሲወጣ ግን እህል የተጫነች አህያ ትገፋዋለች፤ እርሱም ዞር በይ ብሎ በክርኑ ይመታታል። ይህን የምለው ተመልካቹን ለመውቀስ አይደለም። ዝሆኑ እንደ ሰው እንዲያለቅስ ተደርጎ ስለ ቀረበለት አለቀሰ፤ አህያዋን እንደ አህያ አድርጎ ያሳየው ግን ማንም የለም።

ሐኪም ቢሆን ያሳየው ነበር። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ናት፤ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ወደ መርካቶ ካዛወረበት ጊዜ ጀምሮም የዚያን ገበያ እህል ለብዙ ዘመን የተሸከመችው አህያ ናት። የገጣባዋ ቦታ ራሱ ታሪክ ይናገራል። በጫንቃዋ ላይ ያለው ቁስል ጭነቱ ያለ በቂ ምንጣፍ እንደ ተጫነ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ደግሞ ገመዱ ቁልቁለት በወረደች ቁጥር እንደ ቆረጣት ያመለክታል። ባለቤቱ አህያዋን ቢያሳርፋት በዚያ ቀን ልጆቹ ምን ይበላሉ? ገጣባውን የሚያጥበው ሐኪም ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ሊያክም አይችልም። በደብረ ዘይቱ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲና በእንግሊዙ የአህያ በጎ አድራጎት ድርጅት ትብብር ለዓመታት የተካሄደው የአህያ ሕክምና እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በየቀኑ የሚነሡበት ሥራ ነበር። ጥናትና ሪፖርት ተጽፎበታል፤ ማስታወሻ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከአህያዋ ወደ ቤት ውሻ እንለፍ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንትና ስንት ግቢ ቡቺ የሚባል ውሻ አለ! ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፤ ቤት አይገባም። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ለጥበቃ ነው» ይላል። ድመቷ ምድጃ ዳር ተኝታ ሳለ እርሱ ደጅ የሚቀርበት ሃይማኖታዊም ልማዳዊም ምክንያት አለው። ይሁንና ቡቺ ሲታመም «ለጥበቃ ነው» ያለው ሰው ሌሊቱን ሲነሣ ሲተኛ ያድራል፤ ልጆቹ እንጀራቸውን ደብቀው ያወጡለታል፤ እናትየው አትየው ብላ እየተቆጣች ወተት ታስቀምጥለታለች። እኛ ዘንድ የእንስሳ ፍቅር በሰበብ ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። እንግሊዛዊቷ ባልቴት ውሻዋን በአደባባይ ትስመዋለች፤ የእኛ ሰው ግን ስለ ዘበኛው እንደሚጨነቅ አሠሪ ሆኖ ያፈቅረዋል። ይህን ሽፋን ገልጦ የሚያይ ከሐኪም በቀር ማን ነው? ያው ሐኪም የውሻ በሽታ ወደ ገባበት ቤትም ይጠራል፤ ትናንት ልጆቹ ያቀፉትን ውሻ ዛሬ መግደል ግዴታ ይሆንበታል። በመድረክ ላይ እኛ ጸሐፌ ተውኔቶች ውሻን የምናውቀው ከመጋረጃ ጀርባ በሚሰማ ጩኸት ብቻ መሆኑ ሳያሳፍረን አይቀርም።

ትልቁ ያልተጻፈ ታሪክ ግን የከብት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው ወረርሽኝ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቀረ፤ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብም ተከተለ። ሕዝባችን ይህን በሽታ «ደስታ» አለው። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ፈንግል ብሎ የሰየመ ሕዝብ ከሁሉ የከፋውን ገዳይ ስለ ምን በደስታ ስም እንደ ጠራው ማሰብ የባለቅኔ ሥራ ነው። ኬንያ ውስጥ ዋልተር ፕላውራይት ክትባቱን ካገኘ በኋላም በረሃውን አቋርጦ ከብቶቹ ዘንድ የሚያደርሰው ያስፈልግ ነበር። ኋላ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ሲሠራ፣ በአፋር ምድር ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ራሳቸው ከተቡ። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እዚያው አፋር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ2011 ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ገጽ የጠፋ በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ይህ ብቻ ነው። አድዋን የሚያህል ድል አይደለም የሚል ካለ በክፉ ቀን በሬው የሞተበትን ገበሬ ልጅ ልጅ ይጠይቅ።

የዚያ ዘመቻ ቁጥሮች ተመዝግበዋል። አንድ ሐኪም በዚያ ሙቀት ከአንድ የአፋር ሽማግሌ ጋር ግመል ጥላ ሥር ተቀምጦ ምን እንደ ተከራከረ፣ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ሚስቱ ደብረ ዘይት ላይ ምን ብላ እንደ ጠበቀችው፣ ልጁ ሲመለስ አላውቀውም ብሎ እንደ ሆነ፣ ይህ ግን በሰዎቹ ልብ ውስጥ ነው ያለው። ሄሪዮት መጻፍ የጀመረው ሃምሳ ዓመት ከሞላው ወዲያ ነው። የደብረ ዘይቱ ፋኩልቲ በ1971 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ዛሬ ከዚያ ዕድሜ አልፈዋል።