ጥምር ግሦች በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ሥራ

እንግሊዝኛ በዕለት ተዕለት ንግግር አብዝቶ የሚገለገልበት አንድ የግሥ ዐይነት አለ። አጭር ግሥ ከአንድ አቅጣጫ አመልካች ቃል ጋራ ይጣመርና ከሁለቱ በተናጠል የማይገኝ ትርጉም ይሰጣል። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን መተው ወይም ተስፋ መቁረጥ ነው። ይህ ዐይነቱ ግሥ ለተማሪውም ለተርጓሚውም እንቅፋት ስለ መሆኑ ብዙ ይነገራል። የእኛ ትችት ግን የሚያርፈው በእንግሊዝኛው ላይ አይደለም። አማርኛ ለዚህ የሚመጥን ጥምር ግሥ ሞልቶት ሳለ፣ መዛግብተ ቃላታችን ተገቢውን ሥፍራ ስላልሰጡት፣ እንቅፋቱ በከፊል የራሳችን ነው እንላለን።

ጥምር ግሥ የምንለው «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ጎራ አለ» የሚሉትንና የመሳሰሉትን ነው። የመጀመሪያው ክፍል ትርጉሙን ይሸከማል፤ «አለ» ደግሞ መደብን፣ ጾታን፣ ቍጥርንና ጊዜን ይሸከማል። ይህ «አለ» ከግእዙ «ብህለ» የመጣው እንጂ ከ«ሀሎ» የመጣው የመኖር «አለ» አይደለም። አድራጊ ሲያስፈልግ «አደረገ» ወይም «አሰኘ» ይተካዋል። ጠባዩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ትግርኛ «ስቕ በለ»፣ ኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ሲሉ ሁለቱም በየራሳቸው የ«ማለት» ግሥ «ዝም አለ» ማለታቸው ነው። ቻርልስ ፈርጉሰንም የኢትዮጵያን የቋንቋ አካባቢ ባጠናበት ጽሑፍ በ«ማለት» የሚመሠረቱ ጥምር ግሦችን ከጋራ ጠባዮች አንዱ አድርጎ ቈጥሯል።

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር የሚነገረውን የሸዋ አማርኛ ያዳመጠ ሰው የእነዚህን ግሦች ብዛት ይገነዘባል። እንግዳ በደጅ ሲያልፍ «ጎራ በሉ» ይባላል፤ ደጃፍ ከደረሰ «ዘለቅ ይበሉ»፤ መደቡ ከጠበበ «ጠጋ ጠጋ በሉ»። እንግሊዝኛው «ድሮፕ ኢን» የሚለውን «ጎብኘ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ትርጉሙን አልሳተም፤ ንግግሩን ግን ገድሎታል። «ተርን አፕ» ደግሞ «ብቅ አለ» እንጂ «ተገኘ» ብቻ አይደለም። «ጌት አፕ» «ብድግ አለ» ሲሆን «ፒክ አፕ» «ብድግ አደረገ» ነው። እንግሊዝኛው ግሡን ለውጦ ያመጣውን ልዩነት አማርኛው ረዳቱን ብቻ በመለወጥ ያመጣዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አላቸው። እንግሊዝኛ «አፕ»ን ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ወደ ላይ ለማለት ሳይሆን ድርጊቱ እስከ መጨረሻው መፈጸሙን ለማመልከት ነው። «ኢት አፕ» «ወደ ላይ በላ» ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ተርጓሚዎች «በላ» ብለው ያልፉታል፤ «አፕ» ያመጣው ፍጻሜም ይቀራል። አማርኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው፦ ማዕዱን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ጠላውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፤ በሩን ክርችም አድርጎ ዘጋ፤ ሲጋራውን እርግፍ አድርጎ ተወ። እንግሊዝኛ በአንዲት «አፕ» የሚሸፍነውን አማርኛ ለየድርጊቱ በተመረጠ ቃል ይገልጸዋል።

የመጠን ልዩነትም አለ። የአንኮበር ጉም ማለዳ «ገለጥ አለ» ቢባል በጥቂቱ ተነሣ ማለት ነው፤ «ግልጥ አለ» ቢባል ፈጽሞ ለቀቀ ማለት ነው። «በሩን ከፈት አደረገው» እና «ክፍት አደረገው» እንዲሁ ይለያያሉ። በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ግእዝ ሲሆኑ ድርጊቱ ይለዝባል፤ ሳድስ ሲሆኑ ይጠነክራል። የእንግሊዝኛው «ክሊር አፕ» ይህን ልዩነት አይነግረንም፤ ተርጓሚው ከዐውዱ መፍረድ አለበት። ለመፍረድ ደግሞ ሁለቱም ቅርጾች በመዝገብ ተጽፈው ሊያገኛቸው ይገባል።

ወደ መዝገቦቻችን እንመለስ። አማርኛን ከእንግሊዝኛ ጋራ ካስተያዩት ቀደምት መዝገቦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1841 በለንደን የታተመው የካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ሥራ ነው። ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1839 ከዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጋራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ዘልቆ ነበር፤ አንኮበርንም ያውቃታል። ከዚያ ወዲህ የጉዊዲ (እ.ኤ.አ. 1901)፣ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.)፣ የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.)፣ የኬን (እ.ኤ.አ. 1990) መዝገቦች ወጥተዋል። የእነዚህን ሊቃውንት ድካም አናቃልልም፤ ያለ እነርሱ የዛሬው ሥራችን መነሻ ባልኖረው ነበር።

ነገር ግን ከግእዝ የግስ ትምህርት የተወረሰው በሥርወ ቃል የመደርደር ልማድ ለ«ሰበረ» እና ለ«ከፈተ» እንደሚመች ሁሉ ለጥምር ግሥ አይመችም። «ብድግ»፣ «ዝም»፣ «ጎራ» ዛሬ በንግግር የሚታወቅ ነጠላ ግሥ የላቸውም፤ ስለዚህ በሥር ቢፈለጉ መጠለያ ያጣሉ። «ጥርግ» በ«ጠረገ» ሥር ሲፈለግ ደግሞ ፈላጊው የሚያገኘው መጥረጊያን እንጂ ማዕድን አይደለም። «አለ» ራሱ «ይላል»፣ «በል»፣ «ብሎ»፣ «ማለት» እያለ ስለሚለዋወጥና «ብድግም አላለ» እንደሚባለው በመካከል ቅጥያ ስለሚገባ፣ ጥምሩን የማያውቅ ተማሪ ከጽሑፍ ላይ ለይቶ ማውጣት ይቸግረዋል። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገብ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ማሳየቱ ትክክለኛው መንገድ እንደ ነበረ እናምናለን።

ጥምር ግሥ «የአፍ እንጂ የጽሕፈት አይደለም» የሚለውንም አስተያየት አንቀበልም። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ጥምር ግሥ ለሁሉም ሥፍራ አይሆንም። ለታላቅ ሰው «ይቀመጡ» ማለት «ቁጭ ይበሉ» ከማለት የከበረ ነው፤ በሌላ በኩል «ዘለቅ ይበሉ» ትሕትና አለው። ይህ ግን ግሡን ከመዝገብ ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም፤ በአጠቃቀም ምልክት እንዲጻፍ ያስገድዳል እንጂ።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ከገጠር ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ጥምር ግሥ በአፉ ባለው አማርኛ ሊረዳው ሲችል፣ መዝገቡ ሌላ፣ ከቤቱ የማይሰማ አማርኛ ይሰጠዋል። ሁለት ጊዜ ይተረጕማል ማለት ነው።

ስለዚህ ለወደፊት የሚዘጋጅ መዝገብ፦ አንደኛ፣ ጥምር ግሥን በመጀመሪያው ክፍሉ ራሱን በቻለ መግቢያ ይጻፍ፤ ሁለተኛ፣ «አለ»፣ «አደረገ» እና «አሰኘ» ከየትኛው ጋራ እንደሚሄዱ ያመልክት፤ ሦስተኛ፣ የለዘበውንና የጠነከረውን ቅርጽ ጎን ለጎን ያሳይ፤ አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ከሕዝብ ንግግር የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይስጥ። ለአራተኛው ሥራ የሰሜን ሸዋ ገበያና መንደር ጥሩ መነሻ ነው። የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ አነጋገር ተከትሎ ሲሰበሰብ፣ የትኛው ጥምር የጋራ፣ የትኛው የአንድ አካባቢ እንደ ሆነ ለይቶ ማስፈር ይቻላል።