የጠራ ስርገት አያስፈራኝም

መርካቶ፣ ሰባተኛ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥም ወዳጅ አለኝ። ከግድብ ክትትል ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሱቁ በር ላይ መቀመጥ ልማዴ ሆኗል። በቅርቡ እዚያ ያገኘሁት አንድ ወጣት መሐንዲስ ስለ አባ ሳሙኤል ግድብ ሳነሳ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ ህዳሴ 5,150 ሜጋዋት በሚያመነጭበት ዘመን 6.6 ሜጋዋት ለምትሰጥ አሮጌ ግድብ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። አብረውኝ የሠሩ ሰዎችም በሆዳቸው ይዘውት የኖሩ ነው።

ሜጋዋት የተርባይኑ ነው፤ የግድቡ አይደለም። ግድቡ የሚያውቀው ከኋላው የተኛውን ውሃና የቆመበትን መሠረት ነው። አባ ሳሙኤል ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው፣ በአገራችን የውሃ ኃይል ታሪክ ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠር ነው። ማመንጫው ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ኖሮ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተመረቀ። በቆመባቸው ዓመታት ለአንድ አምፖል የሚሆን ኃይል አልሰጠም፤ ውሃውን ግን አንድም ቀን አላወረደም። ማመንጫ ሲዘጋ ሠራተኛው ይበተናል፣ በጀቱም ይቋረጣል። ሸክሙ ግን ባለበት አይቆምም፤ ደለል በተከማቸ ቁጥር ግድግዳውን ከውሃው በላይ ይገፋዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፤ ትንሽ የሚያመነጭ ግድብ ትንሽ ጠባቂ ይመደብለታል።

ወጣቱ መልስ አላጣም። «ሴንሰር ይገጠምለታ» አለ። ይገጠም፤ አልቃወምም። ነገር ግን ደብተር የያዘ ሰው ከሌለበት ግድብ ሴንሰሩ ብቻውን አያሳምነኝም። ስርገት፣ ማለትም በግድቡና በመሠረቱ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ውሃ፣ የሌለው ግድብ የለም። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣውን ውሃ በቦይ ሰብስበን፣ ጠርዙ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ በተቆረጠ ብረት ላይ እናሳልፈዋለን፤ ከፍታውን በማስመሪያ እናነባለን። ከፍታው እጥፍ ሲሆን የሚፈሰው ውሃ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ጣት የምታህል ጭማሪ ቀላል አይደለችም። ንባቡ ብቻውንም አይበቃም፤ የሐይቁ ከፍታና የዕለቱ ዝናብ ከጎኑ መጻፍ አለባቸው። አምና ሐይቁ እዚሁ ከፍታ ላይ ሳለ ስርገቱ ስንት ነበር? ይህን የማይመልስ ደብተር ደብተር አይባልም።

ከሁሉም በላይ ቀለሙ። የጠራ ስርገት ቢበዛም ጊዜ ይሰጣል። የደፈረሰ ስርገት ግን ከውስጥ አፈር ተሸክሞ እየወጣ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የቴተን ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 ጠዋት የደፈረሰ ውሃ ሲወጣበት ታየ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተደረመሰ። እሱ የአፈር ግድብ ነበር። የድንጋይና የኮንክሪት ግድብም ቢሆን መሠረቱና ጫፎቹ የሚያርፉት በተፈጥሮ መሬት ላይ ነው። በኮንክሪት መጋጠሚያ ላይ የሚወርደው ነጭ ቅርፊትም ከውስጡ የሚታጠበው ኖራ ነው፤ ዓመት በዓመት ሲወፍር ዝም አይባልም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ጠዋት ጠዋት ስርገቱን በጠርሙስ ቀድተው ወደ ፀሐይ ያነሱት ነበር። የግድቡን ስም አልጠራም። አንድ ነሐሴ ሌሊት ውሃው ቀጭን ሻይ መስሎ ወጣ። ባትሪ ይዘን የቦዩን ዳር ተከትለን ወጣን። በጠርሙሱ ከላይ ስንቀዳ የጠራ ነው፤ ወረድ ብለን ስንቀዳ ደፍርሷል። ለካ ጎርፍ የቦዩን ዳር በጥሶ ከሜዳው አፈር እየጨመረበት ኖሯል። ደብተሩም ከግርጌ የሚወጣው መጠን እንዳልተለወጠ አሳየን። ታች ያለውን መንደር በሌሊት ሳንቀሰቅስ አደርን። በዚያች ሌሊት የትኛው መሣሪያ ነው እንዲህ እየተመላለሰ የሚቀዳው?

ቆቃም ሲነሳ «43.2 ሜጋዋት ብቻ» ይባላል። በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ቆቃ የአዋሽን ውሃ አጠራቅሞ በልክ ባይለቅ፣ ከታች ያሉት አዋሽ 2 እና 3 በጋውን በምን ይዘልቁታል? የወንጂ ሸንኮራስ? የሐይቁን ጉልህ ድርሻ ግን ደለል ወስዶታል። ደለል የያዘው ቦታ ጎርፍ አይቀበልም፤ ስለዚህ በክረምት በር መክፈት ግድ ይሆናል፤ ጣጣውም ለታችኛው አገር ይተርፋል።

የግድብ ክትትል ሥራ ክረምቴን ሁሉ ወስዶብኛል። ሐይቅ የሚሞላው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ቡሄም እንቁጣጣሽም ቤቴ አያገኙኝም ነበር። ልጆቼ አበባይሆሽ ሲሉ የሰማሁት ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው። ይቆጨኛል፤ ግን ደግሞ ከእኛ በታች ያሉ ቤተሰቦች በዓላቸውን በሰላም እንዲውሉ ነቅቼ ማደሬን ከማንኛውም ሹመት አስበልጬ አየዋለሁ። እኛ ለ2016 አዲስ ዓመት ስንሰናዳ፣ በጳጉሜን መጨረሻ፣ በሊቢያ ደርና ከተማ በላይ ያሉ ሁለት አሮጌ ግድቦች በአንድ ሌሊት ተደርምሰው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወሰዱ። ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ያን ዜና ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰባተኛ የተቀመጠ ሰው ይህ አይመለከተኝም እንዳይል። ከመርካቶ ቦይ የሚወርደው ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ትንሹም ትልቁም አቃቂ መድረሻቸው አባ ሳሙኤል ነው። ዝናብ ሲጥል ከሱቅ ደጃፍ ተጠርጎ የሚሄደው ፌስታልና ፕላስቲክ የውሃ መግቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ በሐይቁ ላይ ያለውን የእምቦጭ አረም ይቀልባል፤ ደለሉም ይቆለላል።

ስለዚህ የመርካቶ ነጋዴ ሆይ፣ ቆሻሻህን ወደ ቦዩ አትጥረግ። የግድብ ኃላፊ የሆንክም ሴንሰሩን ግዛ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ለእያንዳንዱ አሮጌ ግድብ፣ ማመንጫው ቢቆምም እንኳ፣ ደብተርና ጠርሙስ የያዘ ቋሚ ሰው መድብ።