አንበሳው ልጅና ያልተጠየቁት ጎረቤቶች

ሞ ስካርፔሊ «አንበሳ»ን ያቀረበችው ዘጋቢ ፊልም ብላ ነው። በፊልሙ የምናያቸው እናትና ልጅ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ ኑሮውም የራሳቸው። ሆኖም የ10 ዓመቱ አሳልፍ በምናቡ አንበሳ ሲሆን ካሜራው ዳር ቆሞ አይታዘበውም፤ አብሮት ያገሳል። ጣሊያናዊ አሜሪካዊቷ አዘጋጅ ከዚህ በፊት በአፍጋኒስታን ፎቶ ጋዜጠኞች ላይ ፊልም የሠራች ናት። እዚህ ግን የአንድ ልጅ ዓለም ይበቃኛል ብላለች፤ የፊልሙ ጥንካሬም ድክመትም የሚመነጨው ከዚሁ ምርጫ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። እናትና ልጅ ከእርሻ መሬታቸው በኮንዶሚኒየም ግንባታ ምክንያት ተነስተዋል። በፊልሙ አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ሕንፃዎቹ አጠገብ በጎጆ ይኖራሉ። በአካባቢው ጅብ አለ፤ ልጁን የሚያስፈራው ግን የዱሩ ጅብ ብቻ አይደለም።

የአሳልፍ እጆች ሥራ ላይ ሲሆኑ ፊልሙ ከፍ ይላል። ሰው የጣለውን ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ ይለቅማል፣ ይፈታታል፣ ከሌላው ጋር ያገናኛል፣ እንቢ ሲለው እንደገና ይጀምራል። መሬታቸውን የወሰደው ሰፈር ትርፍራፊ ለእሱ የፈጠራ ዕቃ ሆኗል። አዘጋጇ ይህን በማብራሪያ አታጨናንቀውም፤ ተራኪም፣ ባለሙያም፣ የሚያለቅስ ሙዚቃም አልጫነችበትም። ስለ ድህነታችን በውጭ ሰው እጅ ከተሠሩ ፊልሞች ብዙዎቹ ይህ ቁጥብነት የላቸውም።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከአጥሩ ወዲያ ነው። ኮንዶሚኒየሙ በፊልሙ ውስጥ ፊት የለውም፤ እንደ ጅቡ ሁሉ ከሩቅ የሚያስፈራ ነገር ነው። በእነዚያ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖረው ግን ማን ነው? በ1997 ተመዝግቦ ዕጣ ሲጠብቅ ልጆቹ ያደጉበት ተከራይ ይኖርበታል። ሊፍት የሌለውን አራተኛ ፎቅ ውኃ በጄሪካን ተሸክሞ የሚወጣ፣ ጎህ ሳይቀድ ለታክሲ ተሰልፎ መሀል ከተማ ውሎ በጨለማ የሚመለስ ሠራተኛም እንዲሁ። ሕንፃውን ያቆሙት ደግሞ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከመሰል አካባቢዎች ወጥተው ሲሚንቶ ያቦኩ፣ ብሎኬት የተሸከሙ የገበሬ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ የራሳቸው አባት መሬት ከተማ እየበላው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አዘጋጇ የአሳልፍን እናት ከእነሱ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ብታነጋግር ፊልሙ ሌላ ጥልቀት ባገኘ ነበር።

ፊልሙ በየካቲት 2011 በበርሊን ፌስቲቫል ሲታይ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። ከእነዚህም መካከል በከተማዋ ዳርቻ ኮዬ ፈጬ ላይ የተሠሩት ቤቶች ጉዳይ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ አስነሳ። አሳልፍ ብቻውን ያገሳበትን ጉዳይ ሰልፈኛው አደባባይ ይዞት ወጣ። አዘጋጇ ይህን ልትተነብይ አይጠበቅባትም። የተወሰደው መሬት በምን ሒሳብ እንደተተመነ ግን መጠየቅ ትችል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 በዘላቂነት የሚነሳ ገበሬ የሚታሰብለት ካሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን 15 አድርሶታል። ለእነ አሳልፍ ከዚህ ምን ደረሳቸው? ከፊልሙ አይታወቅም። ቢቸና ዙሪያ ጤፍ ማሳው ላይ የቅየሳ ችካል የተተከለበት ገበሬ ይህን ፊልም ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ይመስለኛል።

ልጅን መሀል ላይ ማድረግ ለዚህ ሁሉ ማምለጫ እንዳይሆን ነው ስጋቴ። ልጅ ካሳ አይደራደርም፣ ቀበሌ ገብቶ አይከራከርም፤ ያልማል። ተመልካቹም ሕልሙን ወዶለት ይወጣል። የልጁን ሕልም እየጠበቀች ኑሮውን የምትገፋው እናቱ ሆና ሳለ፣ ፊልሙ የሚያውቃት በአሳልፍ ዓይን ብቻ ነው። መሬቱን ያጣችው ግን እሷ ናት፤ ሕንፃው ከመቆሙ በፊት እዚያ ምን ይዘራ እንደነበር፣ ማን መጥቶ ምን እንዳላት፣ ምን ላይ እንደፈረመች የምታውቀውም እሷ ናት።