ከሠላሳ ሠላሳኛ

ጊዜው ሐምሌ 2019 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፋቸው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ከኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሸምገል ያለ አሜሪካዊ አሳፈርሁ። ወዴት እንደምወስደው ስጠይቀው «ኮሊሲየም» አለኝ። በሄገንበርገር መንገድ ቢበዛ የአሥር ደቂቃ ጉዞ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራ ለጠበቀ ታክሲ ነጂ የምሥራች አይደለም። ሰውየው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የአሜሪካና የካናዳ ትልልቅ ክለቦች የሚጫወቱባቸውን ሠላሳ የቤዝቦል ስታዲየሞች በሙሉ ሊያይ ተስሎ፣ ሃያ ዘጠኙን ጨርሶ የመጨረሻውን ሊያይ መምጣቱን አጫወተኝ። ደብተር ይዟል። በደብተሩም ለእያንዳንዱ ስታዲየም ነጥብ ይሰጣል፤ ለመልኩ፣ ከወንበር ላይ ለሚታየው ነገር፣ ለምግቡ፣ ለመጸዳጃ ቤቱ፣ ለሰፈሩ። ማታ ጨዋታው ሲያልቅ ደውሎ ጠራኝና ወደ ሆቴሉ ስወስደው «እንዴት አገኙት?» አልሁት። ሳቅ ብሎ ደብተሩን ከፈተልኝ። ከሠላሳ ሠላሳኛ።

እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ጎጃም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ። ሰኔ 30 ሲደርስ የስንቱን ልጅ ደረጃ በካርዱ ላይ እንደጻፍሁ እኔና እግዜር እናውቃለን። የኛ አገር ወላጅ ልጁ ምን እንደተማረ አይጠይቅም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው የሚለው። ታዲያ ከሠላሳ ሠላሳኛ የወጣ ነገር ባጋጠመኝ ቁጥር፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ አስቀድሜ የማስበው ስለ ፈተናው ነው። ማን አወጣው? ምን ጠየቀ? ምንስ ሳይጠይቅ ቀረ?

እንደዚያ ሽማግሌ ስታዲየም እየዞሩ ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች በዚህ አገር ብዙ ናቸው። ጋዜጠኛ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ሙሽራውን ይዞ የሚዞርም አለ። ዝርዝራቸው ግን ከአንድ እጅ የወጣ ይመስላል። ከላይ በ1912 የተከፈተው የቦስተኑ ፌንዌይ፣ በ1914 የተከፈተው የቺካጎው ሪግሊ፣ እንዲሁም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የሳን ፍራንሲስኮው ኦራክል ፓርክ ይቀመጣሉ። ከታች ደግሞ የኛው የኦክላንድ ኮሊሲየም ከፍሎሪዳው ትሮፒካና ፊልድ ጋር ሲገፋፋ ኖሯል።

የዚህ ምክንያት የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ከሲሚንቶ የሠራቻቸው ክብ ስታዲየሞች ቤዝቦልንም የአሜሪካን ፉትቦልንም እንዲያስተናግዱ የታሰቡ ነበሩ። በ1966 የተከፈተው ኮሊሲየም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1992 ባልቲሞር ላይ ካምደን ያርድስ ተከፈተ፤ ቀይ ጡብ ለብሶ፣ መሐል ከተማ ተቀምጦ፣ አዲስ ሆኖ ሳለ አሮጌ መስሎ። ሁሉም ወደደው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ እሱን ተከትለው ሲሠሩ፣ ክብ የሲሚንቶ ስታዲየሞች ተራ በተራ ፈረሱ። ኮሊሲየም እስከ 2019 ድረስ ለሁለቱም ስፖርቶች ትልልቅ ክለቦችን በጋራ ያስተናገደ የመጨረሻው ነበር። እንግዲህ የእርማት መመሪያው የተጻፈው ተማሪው ፈተናውን ተፈትኖ ከወጣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ለኦራክል ፓርክ ግን ሐቁን አልነፍገውም። በ2000 ሲከፈት ስሙ ፓሲፊክ ቤል ፓርክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ኳስ መቺው በኃይል ከላካት ከቀኙ ግንብ አልፋ ባሕር ውስጥ ትገባለች፤ በታንኳ ሆነው የሚጠብቋትም አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። በዚሁ ግንብ ሥር፣ በባሕሩ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ፣ ትኬት የሌለው ሰው በአጥሩ ፍርግርግ በኩል ቆሞ በነጻ ያያል። ይህን የፈቀደ ሰው ይባረክ። ሆኖም በየዝርዝሩ የታንኳው ነገር ሲደጋገም አያለሁ፤ የአጥሩ ቀዳዳ የሚጠቀሰው ከስንት አንዴ ነው። ነጥብ ሰጪው ትኬት ስላለው በዚያ በኩል አያልፍማ!

ከእሱ በፊት ጃያንትስ እስከ 1999 የተጫወተበት ካንድልስቲክ ፓርክ ደግሞ በነፋሱና በብርዱ የታወቀ ነበር። ክለቡም ነውሩን ጌጥ አደረገው። ከ1983 ጀምሮ፣ የምሽት ጨዋታ ተራዝሞ እስኪያልቅ ብርዱን ችሎ ለቆየ ተመልካች በደረት ላይ የሚሰካ ሜዳልያ መሰል ምልክት ይሰጥ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1989 ኦክላንድና ሳን ፍራንሲስኮ ለዋንጫ ሊጋጠሙ 62,000 ያህል ሰው በተሰበሰበበት ምድር ስትናወጥ፣ እዚህ ኦክላንድ ውስጥ የሳይፕረስ ፍሪዌይ ተደርምሶ 42 ሰው ሲገድል፣ ያ የተናቀ ስታዲየም ተመልካቹን ይዞ ቆመ። በ2015 አፈረሱት። «በምድር መናወጥ ጊዜ ይቆማል ወይ?» የሚል ጥያቄ በማንም ደብተር ላይ አላየሁም።

ሌላም ያልተጠየቀ ነገር አለ። ሰው የሚያየው ስታዲየሙን ሳይሆን ከወንበሩ የሚታየውን ነው። ይህን የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች ጠንቅቆ ያውቀዋል። የትኛው አበሻ ነው ዝም ብሎ «ስታዲየም ገባሁ» የሚል? ትሪቡን ገባሁ፣ ጥላ ፎቅ ገባሁ፣ ከማን አንሼ ገባሁ፣ ሚስማር ተራ ገባሁ፣ ካታንጋ ገባሁ ይላል እንጂ። ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ስማር የኔ ቦታ ካታንጋ ነበረች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ዝናቡ አይምርም፤ ግን ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ እዚያ ያልተቀመጠ ሰው ጨዋታውን አይቻለሁ ቢል አላምነውም። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ደብተሩን ይዞ ትሪቡን ላይ ቢቀመጥ ስለ ካታንጋ ምን ሊጽፍ ነው?

የኮሊሲየም ካታንጋ ከሜዳው ማዶ በቀኝ በኩል ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። እዚያ ከበሮ ይመታል፣ አረንጓዴ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው አይቀመጥም። ዓለም በ1986ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ የለመደውን፣ ተመልካቹ በተራ እየተነሣ የሚሠራውን ማዕበል፣ ኮሊሲየም ውስጥ ጥቅምት 15 ቀን 1981 ሲደረግ በቴሌቪዥን ታይቷል። በዚያው ሜዳ ግንቦት 1 ቀን 1991 በኦክላንድ ያደገው ሪኪ ሄንደርሰን 939ኛ ቤዙን ሰርቆ የዘመናት ሪከርድ ሰበረ። (ቤዝ መስረቅ ማለት ወርዋሪው ሳይነቃብህ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ሮጦ መድረስ ነው፤ ለኛ ለሯጭ አገር ሰዎች ከቤዝቦል ሁሉ ቀድሞ የሚገባን ይህ ነው።) ከባርት ባቡር ወርደህ በእግረኛ ድልድይ ቀጥ ብለህ ትገባለህ፤ መኪና አያስፈልግህም። ይህን የምለው መተዳደሪያዬ መኪና ሆኖ ሳለ ነው።

ኮሊሲየም ጥሩ ነበር እያልሁ ነውን? አይደለም። ሜዳው ከባሕር ጠለል በታች 20 ጫማ ያህል ወርዶ የተቆፈረ በመሆኑ ፍሳሹ ይመለስ ነበር። ሰኔ 2013 ላይ ፍሳሽ የተጫዋቾቹን መልበሻ ክፍል አጥለቅልቆ፣ የኦክላንድና የሲያትል ተጫዋቾች ፎቅ ወጥተው በአንድ መታጠቢያ ቤት ታጥበዋል። ለዚህ ዜሮ የሰጠ ሰው አልበደለም።

ነገር ግን ተማሪ ሰነፍ ሆኖ አይወለድም። እስከ 1995 ድረስ በኮሊሲየም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከሜዳው ማዶ የኦክላንድን ኮረብቶች ያይ ነበር። በዚያ ዓመት ሬይደርስ የተባለው የፉትቦል ክለብ ከሎስ አንጀለስ ሲመለስ፣ ለእሱ ተብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ወንበሮች ያሉት ግዙፍ ግንብ በዚያ በኩል ቆመ። ሕዝቡ በክለቡ ባለቤት በአል ዴቪስ ስም የዴቪስ ተራራ ብሎ ሰየመው፤ እውነተኛውን ተራራ ጋርዶ የቆመ የሲሚንቶ ተራራ! ሬይደርስ በ2020 ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ፣ ግንቡ ቀረ። ደብተር ያዡ ሽማግሌ ደግሞ «ከወንበር የሚታይ ነገር የለም» ብሎ ይጽፋል። እውነቱን ነው፤ የጋረደው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት መስመር ግን ደብተሩ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ነጥቡ በኋላ የዋለበት ሥራ ነው። በ1990 ወደዚህ ስታዲየም 2.9 ሚሊዮን ተመልካች ገባ። ሲሚንቶው ያው፣ መጸዳጃ ቤቱ ያው፣ ሰፈሩም ያው ነበር፤ ቡድኑ ግን ጥሩ፣ ባለቤቶቹም የሃስ ቤተሰብ ነበሩ። በ2023 የገባው 832 ሺህ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ ከ162 ጨዋታ 112ቱን ተሸነፈ፤ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቹ አስቀድመው ተሸጠው አልቀዋል። «ስታዲየሙ የመጨረሻ ነው፣ ከተማውም አይመጣም» የሚለው ወሬ እየተደጋገመ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሆነ። ኅዳር 16 ቀን 2023 ሠላሳዎቹ ባለቤቶች በሙሉ ድምፅ ወደ ላስ ቬጋስ እንዲሄድ ፈቀዱ። የሳን ሆዜ አንባቢዎቼም ይህን ጨዋታ ያውቁታል። ክለቡ ወደ እናንተ ሊመጣ ፈልጎ ነበር፤ አካባቢው የጃያንትስ ግዛት ነው ተብሎ ተከለከለ፣ ከተማችሁም በ2013 ከስሳ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ በ2015 ባዶ እጇን ተመለሰች። ግዛቱን በ1990 አካባቢ ያለ ክፍያ ለጃያንትስ የፈቀዱት ያው ደጉ ሃስ መሆናቸው ደግሞ ለብቻው ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

ነጥብ ቡድንን ሲያሰድድ እኛ አላየንም እንዴ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተቆጣጣሪዎች መዝገባቸውን ይዘው መጡ፤ መልበሻ ክፍሉን፣ ሣሩን፣ መብራቱን፣ ወንበሩን አዩ፤ ከ2021 ወዲህም ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ኖረ። በ1962 በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድን ሰዎች፣ ሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። በዚያ ምሽት ታክሲዬን አቁሜ ብቻዬን ጮህሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ካታንጋ ትዝ አለችኝ። የሁለቱ ነጥብ ግን አንድ አይደለም። የኮንፌዴሬሽኑ መዝገብ ለተጫዋቹና ለተመልካቹ ደኅንነት የተጻፈ ነው፤ ቢመርም እርማቱ ትክክል ነው፣ መፍትሔውም ማደስ ነው። የኮሊሲየሙ ነጥብ የተጻፈው ለአንድ ቀን ጎብኚ ምቾት ነበር፤ ባለ ገንዘቦች ግን እንደ ሐኪም ማስረጃ ተጠቀሙበት።

እዚህ ላይ አንባቢ «ለመሆኑ አንተ ስንት ጊዜ ገብተህ አየህ?» ቢለኝ አፍራለሁ። ከ2008 ጀምሮ በደጁ ቆሜ ሰው ሳሳፍር ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት ሰኔ 13 ቀን 2023 ነው። ደጋፊዎቹ ባለቤቱን «ሽጥልን» ለማለት ተጠራርተው 27,759 ሆነው በገቡበት ምሽት ልጄ ጎትታ ወሰደችኝ። ከዚያ በፊት ስለ ኮሊሲየም የነበረኝ አስተያየት ሁሉ የተሳፋሪ አስተያየት ነበር። ባልገባሁበት ክፍል ስንት ጊዜ ነጥብ ሰጥቻለሁ!

ደግሞም ሌላ ዓይነት የተሳሳተ እርማት አለ። መስከረም 26 ቀን 2024 የመጨረሻው ጨዋታ ተደርጎ ኦክላንድ ቴክሳስን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ 46,889 ሰው ነበር። ከዚያ ያሳፈርሁት አንድ ጎልማሳ የሜዳውን አፈር በወረቀት ኩባያ ይዞ ያለቅስ ነበር፤ እሱን አከብራለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ለዓመታት ያልረገጡት ሁሉ በዓለም ላይ እንደ ኮሊሲየም ያለ ስታዲየም የለም ሲሉ ሰማሁ። ይህ የለቅሶ ቤት ነጥብ ነው። ሬሳ ወጥቶ ሳያልቅ ማን ክፉ ይናገራል? እኔ የምሻው የጎብኚውንም የአልቃሹንም አይደለም። አንድ ክለብ በዓመት 81 ጊዜ በሜዳው ይጫወታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙው ጭጋግ የወረደበት፣ ቡድኑ የሚሸነፍበት ተራ የማክሰኞ ማታ ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ በባርት መጥቶ፣ እንደገና በሚቀጥለው ማክሰኞ የሚመለሰው ሰው ምን ይላል? ምን ከፈለ? ከጎኑ ማን ተቀመጠ? ደብተሩን ለእሱ እሰጠዋለሁ።

ክለቡ ከ2025 ጀምሮ ዌስት ሳክራሜንቶ ውስጥ 14,000 ያህል ሰው በሚይዝ የታችኛ ሊግ ሜዳ፣ የከተማ ስም ሳይዝ፣ እንደ ደባል ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። እኔና ልጄ በዚያ ዓመት ወደ ዌስት ኦክላንድ፣ ወደ ራይሞንዲ ፓርክ ሄድን። ቦለርስ የሚባለው ትንሽ ክለብ በ2024 እዚያ መጫወት ጀምሮ፣ በ2025 የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ሜዳው አራት ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። የኮሊሲየሙን የመሰለ ከበሮም ሰማሁ። በርካሹ በኩል ተቀምጠን የማታዋ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትወጋን ልጄ እጇን በግንባሯ ላይ አድርጋ «አባዬ፣ ይሄ እኛ ያለንበት ጎን ስሙ ማነው?» አለችኝ። ዙሪያውን ባይ የተጻፈ ነገር የለም።

«እንግዲያው ካታንጋ በይው» አልኋት።